ባለአራት ሜትሯ ዘንዶ ከጅግጅጋ ወደ ኤረር

የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ጅግጅጋ የተጓዝኩት አንዲት ዘንዶ ከሰው ቤት አውጥቼ ኤረር ለማድረስ ነበር። የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የዘወትር ሥራዬ ከላምና ከውሻ ጋር ቢሆንም፣ ወጣት ሳለሁ እባቦች የሚጠኑበት ቤተ ሙከራ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ምክንያት እባብ የቸገረው ሰው ሲገኝ ስልኬን የሚሰጡ ወዳጆች አሉኝ።

የደወለልኝ ሙሴ የሚባል የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው።

«ዶክተር፣ ቤቴ ውስጥ ዘንዶ አለች» አለኝ። «ሰባት ዓመት አሳድጌአታለሁ። ባለፈው ሳምንት ነከሰችኝ። ሚስቴ ወይ እሷ ትውጣ ወይ እኔ ልውጣ ብላለች። እንድትገደል ግን አልፈልግም።»

የዱር እንስሳ እንዲሁ ተጭኖ አይሄድም። የማጓጓዣ ፈቃድ ለማግኘት አንድ ወር ያህል ፈጀብኝ። ተቀባይም ተገኘ፤ ጌታሁን የሚባሉ ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ኤረር ከተማ ዳር ፈቃድ ያለው የታጠረ ማቆያ አላቸው። ለሙሴ በስልክ ሁለት ነገር አጥብቄ ነገርኩት። ከመምጣቴ በፊት ያሉትን ሁለት ሳምንታት እንዳይመግባት፣ ክፍሏም ብቻውን እንዳይገባ። ከዚያ መንጠቆዬን፣ ጓንቴን፣ ቴርሞሜትሬንና ሦስት ወፍራም ፎጣ ይዤ አውሮፕላን ተሳፈርኩ።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፈታሹ ረጅሙን መንጠቆ አንስቶ አገላበጠው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የእባብ መያዣ።»

«እባቡስ?»

«እሱን ላመጣ ነው የምሄደው።»

መንጠቆውን በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰልኝ።

ጅግጅጋ፣ የመጀመሪያው ቀን

የጥር ነፋስ ጅግጅጋን አቧራ አልብሷት ደረስኩ። ከተማዋ ሞቃት የምትመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ በጥር ግን ጠዋትና ማታ ሹራብ ያስፈልጋል። ሙሴ ሊቀበለኝ መጥቶ ነበር። ሃምሳ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ረጅም፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። ቀኝ እጁ ላይ የስፌቱ ጠባሳ ገና ቀይ ነበር። ከሰላምታ ቀጥሎ የወሰደኝ ምግብ ቤት ነው። ሩዝ በፍየል ሥጋ፣ ከጎኑ ሙዝ፣ በኋላም በግመል ወተት የተፈላ ሻይ ቀረበልን። ለሁለታችን ስድስት መቶ ብር ነበር፤ ልክፈል ብል አልሰማኝም።

«አባዮ፣ እንግዳ ነሽ» አለኝ። አባዮ በሶማልኛ እህቴ እንደማለት ነው። እኔ አንቱ እያልኩት፣ እሱ አንቺ እያለኝ ሳምንቱን አሳለፍን።

ዘንዶዋ የምትኖረው በግቢው ጥግ ባለ የድሮ ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ነው። መሬቱ ሲሚንቶ ነው፤ መስኮቱ በወንፊት ሽቦ ተሸፍኗል፤ አንድ አምፖልና አንድ ሰፊ የውኃ ገንዳ አለው። እሷ ጥግ ላይ ተጠቅልላ ነበር። ስሟ ጀቢሶ ነው፤ ሙሴ ሌላ ስም አላወጣላትም፣ ቃሉ በሶማልኛ ዘንዶ ማለት ነው። ገና የክንድ ርዝመት እያለች ነው ያገኛት። ያኔ አይሱዙ ይነዳ ነበርና ከኤረር ፓፓያ ጭኖ ሲመጣ ከሳጥኖቹ መሀል ተገኘች። አሁን በዓይን ግምት ከአራት ሜትር ታልፋለች። ውፍረቷ የጎልማሳ ጭን ያህላል።

ጥቅልሏን እየተከተልኩ ስመለከት መሀል ላይ ያበጠ ነገር አየሁ።

«አቶ ሙሴ፣ መቼ ነው የበላችው?»

ወደ ግቢው ተመለከተ።

«ከትናንት ወዲያ።»

«ምን?»

«ግልገል። ትንሽ ግልገል ናት።»

«ሁለት ሳምንት አይመግቧት ብዬዎት አልነበረም?»

«ብለሻል። ግን አባዮ፣ መንገደኛ በባዶ ሆዱ ይሸኛል?»

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። ሆዷ የሞላ ዘንዶ ሲያነሷት ትጨነቃለች፣ ስትጨነቅ የዋጠችውን ትተፋለች። ግማሽ የተፈጨ ግልገል በአጥንቱና በሰኮናው ጉሮሮዋን እየቀደደ ይወጣል። ከረጢት ውስጥ ሆና ከተፋች ደግሞ ታፍና ልትሞት ትችላለች። መጠበቅ ነበረብን። ጅግጅጋ በጥር ቀዝቃዛ መሆኗ ሁለተኛው ችግር ነው። እባብ ሙቀት ካላገኘ የበላው አይፈጭለትም፣ ሆዱ ውስጥ ይበሰብሳል።

ይህን ሁሉ ለሙሴ ሚስት ለሂቦ በባሏ አስተርጓሚነት ነገርኳት። እጇን አጣጥፋ ሰማችኝና በአጭሩ መለሰች።

«ልጄ ልትወልድ ከአውበሬ ከተማ እዚህ እየመጣች ነው። ሕፃንና ዘንዶ አንድ ግቢ ውስጥ አያድሩም።»

«ስምንት ቀን ስጪኝ።»

«ስምንት። በዘጠነኛው ሰው ጠርቼ አስገድላታለሁ።»

ሙሴ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ሲተረጉም ድምፁ ዝቅ ብሎ ነበር።

መጠበቅ፣ እስከ ቀብሪበያ

ሁለተኛ አምፖል ጨመርን። መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድን። መብራት ሲጠፋ ሙሴ ውኃ አፍልቶ በጀሪካን እየሞላ፣ ጀሪካኑን በጨርቅ ጠቅልሎ በመንጠቆዬ ወደ ጥጉ ይገፋው ነበር። ክፍሉ ከሃያ ስምንት ዲግሪ በታች እንዳይወርድ ቴርሞሜትሩን በየሰዓቱ የሚያየው እሱ ነው። ሱቁን ለወንድሙ ትቶ እዚያ ዋለ።

በአራተኛው ቀን ሳጥን ፍለጋ ወጣን። ጅግጅጋ ውስጥ ያነጋገርናቸው ሁለት አናጺዎች ለምን እንደሆነ ሲሰሙ እምቢ ብለው ነበር። ሙሴ ቀብሪበያ የሚያውቀው አናጺ ስላለ በሚኒባስ ሄድን። ሜዳው ዛፍ የለበትም ማለት ይቻላል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ፍየሎችና ግመሎች ወደ ገበያ ይነዱ ነበር፤ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት አንዲት በግ እግሯ ሥር አስተኝታ ነበር። አናጺው መለኪያውን ይዞ በዝግታ ጠየቀን።

«ርዝመቱ?»

«አንድ ሜትር ተኩል በሰባ ሳንቲም» አልኩት። «ጎኖቹ ላይ የጣት ቀዳዳ ይኑረው፣ ከጣት አይስፋ። ከውስጥ ምንም የሚስማር ጫፍ እንዳይወጣ።»

«ውስጡ ምንድን ነው የሚገባው?»

ሙሴ ነገረው። አናጺው መለኪያውን ጠቀለለ፤ የሚተወን መስሎኝ ነበር።

«እንግዲያው ክዳኑን በሦስት ማጠፊያ ላድርገው» አለ።

ከሳጥኑ በፊት ከረጢት ያስፈልጋል። ዘንዶ በባዶ ሳጥን ከተላከች በየመታጠፊያው እየተንገላታች አፍንጫዋን ትልጣለች። ከረጢት ውስጥ ግን ጨለማ ስለሆነ ትረጋጋለች። ከሙሴ ግቢ ጎን ስፌት ቤት ያላት አስካለ የምትባል ሴት አለች። ከደብረ ብርሃን መጥታ ጅግጅጋ ውስጥ ሃያ ዓመት ኖራለች። ወፍራም ጥጥ ጨርቅ ይዤላት ገባሁና የምፈልገውን ነገርኳት። ስፌቱ ድርብ፣ ጥግ የሌለው፣ ጫፉ ታጥፎ የተሰፋ ከረጢት።

«ለእሷ ነው?» አለችኝ በግድግዳው በኩል በአገጯ እየጠቆመች።

«ለእሷ ነው።»

«ሰባት ዓመት በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ኖረናል። አንድ ቀን እንኳ ገብቼ አላየኋትም። ግን እሰፋላታለሁ።»

ለምን እንደሆነ የነገረችኝ ጨርቁን እየቆረጠች ነው። ከተማዋ በተረበሸች ጊዜ እሷ ሸሽታ ስትወጣ ሙሴ የስፌት መኪናዋን ተሸክሞ ዘንዶዋ ክፍል አስገባው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስትመለስ ሱቋ ባዶ ነበር፣ በሩ እንኳ ተነቅሏል። ዘንዶዋ ክፍል ግን ማንም አልደፈረም።

«መኪናዬን አውጥቶ ሲሰጠኝ የእባብ ቆዳ ተጠቅልሎበት ነበር» አለች። «አልቅሼ፣ ስቄ፣ ሁለቱንም አደረግሁ።»

ሰፍታ ስትጨርስ ዋጋ ብጠይቃት ከረጢቱን አጣጥፋ እጄ ላይ አኖረችው።

ስምንተኛው ቀን፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል

እብጠቱ ጠፍቷል። ከሁለት ቀን በፊት ተጸዳድታ ስለነበር ባዶ መሆኗን አወቅን። አምፖሎቹን ሌሊቱን አጥፍተን ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ አድርገናል፤ የቀዘቀዘ እባብ ዝግተኛ ነው።

ደንቡ ለአንድ ሜትር አንድ ሰው ነው። አራት ሰው ያስፈልገናል ማለት ነው። ጭንቅላቱ የእኔ ነው። ከኋላዬ ሙሴ፣ ቀጥሎ የሚያጓጉዘን ሾፌር አብዲ፣ ጅራቱን ደግሞ የሂቦ ወንድም ሊይዝ ተነጋግረን ነበር። የሂቦ ወንድም ግቢው ድረስ መጣ፣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ አየ፣ ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ወጣ። አልተመለሰም።

ለሦስት እንሞክር ወይስ እናራዝም እያልኩ ሳስብ አስካለ ከግቢው በር ሆና ተናገረች።

«ጅራት ምንድን ነው ሥራው?»

«ይዘሽ መከተል። ከተጠመጠመች ከጫፍ ጀምሮ መፍታት። ከመሀል አይፈታም፣ ጉልበቷ መሀል ላይ ነው።»

ነጠላዋን አውልቃ ገመድ ላይ ሰቀለችው።

ሁላችንንም እጃችንን ሽታ በሌለው ሳሙና ሁለት ጊዜ አሳጠብኩ። ሙሴ ሽቶ ተቀብቶ ስለነበር ሸሚዙን አስቀየርኩት። ማንም ከትናንት ጀምሮ ፍየል እንዳይነካ ነግሬያለሁ። ገባን፤ በሩን ከኋላችን ዘጋን።

በመንጠቆው ጀርባዋን በዝግታ ዳሰስኳት። ይህ ምግብ እንዳልሆነ ማሳወቂያ ነው። አንገቷን ወደ ኋላ ሰብስባ የጎማ ንፋስ ሲወጣ የሚሰማውን ድምፅ የሚመስል ረጅም ትንፋሽ አወጣች። ፎጣውን ከፊቷ ዘረጋሁት፤ ተወረወረችበት፤ ጥርሷ ፎጣው ላይ ቀረ። በዚያች ቅጽበት ሁለተኛውን ፎጣ ጭንቅላቷ ላይ ጥዬ ከመንጋጋዋ ኋላ ያዝኳት።

«አሁን!» አልኩ።

አነሳናት። ከጠበቅሁት በላይ ትከብዳለች። ሁለት እርምጃ እንደሄድን አብዲ ሚዛኑን ሳተና መሀሏ ተለቀቀ። የተለቀቀው አካል የሙሴን ግራ ክንድ አገኘ፣ ከክንዱ ወደ ደረቱ ዞረ። ሙሴ አልጮኸም። ፊቱን ሳይ ግን የቀላው ጢሙ ብቻ ቀለም ያለው ሆኖ ታየኝ።

«አቶ ሙሴ፣ አይሳቡ። ዝም ብለው ይቁሙ። አስካለ፣ ከጫፍ!»

አስካለ አልተንቀሳቀሰችም። ጅራቱን እንደያዘች ዓይኗን ጨፍናለች።

«አስካለ!»

«እሺ፣ እሺ» አለች፤ ዓይኗን ሳትገልጥ በሁለት እጇ ጅራቱን ወደ ኋላ መዞር ጀመረች። አንድ ዙር። አብዲ ተመልሶ ሁለተኛውን ዙር ያዘላት። ሙሴ ትንፋሽ ሳበ። ሦስተኛው ዙር ሲፈታ ሙሴ ራሱ ሸክሙን ከደረቱ አውርዶ ከሥር ደገፈው፤ እንደገና ለመጠምጠም ምክንያት እንዳታገኝ። ጅራቷን አስቀድመን ከረጢቱ ውስጥ አስገባን፣ አካሏ በራሱ ተከተለ። ጭንቅላቷን በመጨረሻ ለቅቄ የከረጢቱን አፍ ጠምዝዤ አሰርኩት።

በሚዛን ስንሰቅላት ሠላሳ ስምንት ኪሎ ሆነች። አስካለ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላ እጆቿን እያየች ነበር።

«ለስላሳ ናት» አለች። «ሰባት ዓመት ሙሉ እርጥብ ትመስለኝ ነበር። ደረቅና ለስላሳ ናት።»

ከካራማራ እስከ ድሬዳዋ

ሳጥኑን ላንድክሩዘሩ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ አስቀምጠን በገመድ አሰርነው። ጣሪያ ላይ ወይም ክፍት ፒካፕ ላይ ማስቀመጥ ፀሐይ ላይ መጥበስ ነው። ሙሴ ከሳጥኑ አጠገብ ተቀመጠ። ሂቦ እስከ በሩ ሸኘችን፤ ለባሏ ለሆህ የሚባለውን ስስ የሶማሌ እንጀራ ጠቅልላ ከማር ጋር ሰጠችው፣ ለእኔ ራሷን ነቀነቀችልኝ።

ካራማራን ወጥተን ወረድን። ፋፈንን አልፈን የዳከታ ሸለቆ ውስጥ ገባን። ድንጋዮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልለው ሊወድቁ የተዘጋጁ ይመስላሉ። ከሳጥኑ ምንም ድምፅ የለም። በቀዳዳው ያስገባሁት ቴርሞሜትር ሃያ ሁለት ይላል።

ባቢሌ ኬላ ላይ ፈታሹ ሳጥኑን አየ።

«ይከፈት።»

የፈቃድ ደብዳቤውን ሰጠሁት፤ አነበበው።

«ደብዳቤው ጥሩ ነው። ሳጥኑ ይከፈት።»

«ወንድሜ፣ ከከፈትነው የሚዘጋልን አራት ሰው ነው፤ እኛ ሦስት ነን። አራተኛው አንተ ትሆናለህ?»

ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ቀዳዳው አስጠጋ። ከውስጥ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ።

«ሂዱ» አለ። ወዲያው ደግሞ «ፈጥናችሁ ሂዱ» ብሎ ጨመረ። ኦቾሎኒ የምትሸጥ ሴት ስቃ ሁለት ጥቅል በነጻ በመስኮት ጣለችልን።

ሐረርን አልፈን ከደንገጎ ቁልቁል ስንወርድ አየሩ ተቀየረ። በየመታጠፊያው ይሞቃል። ድሬዳዋ ስንደርስ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር፣ ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ አለ። በብርድ የተኛችው ዘንዶ ነቃች። ሳጥኑ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ክዳኑ በአንድ በኩል ከፍ ብሎ ተመለሰ። ይህን አስቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ፤ ከብርድ ወደ ሙቀት እንደምንሄድ እያወቅሁ ክዳኑን በገመድ አላስጠመጠምኩትም።

አብዲ መኪናውን ዳር አቁሞ ወረደ።

«እኔ ከዚህ በኋላ አልነዳም» አለ። «ከረጢቱን ቀድዳ ብትወጣ ጭንቅላቴ ኋላ ነው ያለችው።»

ከረጢቱ እንደማይቀደድ ብነግረውም አልሰማኝም። ልቆጣው አልቻልኩም፤ ትክክል ነው። መኪናውን ከዛፍ ጥላ ሥር አስገባንና አራቱንም በር ከፈትን። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ ሸፈንነው። ገመዱን ክዳኑ ላይ በቁመትም በወርድም አዙረን አጠበቅነው። ሙቀቱ ወደ ሃያ ስምንት እስኪወርድ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀብን። ሙሴ ያን ሁሉ ጊዜ መዳፉን ሳጥኑ ላይ አድርጎ ቆሟል።

«እጄን ታውቀዋለች?» አለኝ በድንገት።

ደክሞኛል፣ ርቦኛል፣ በራሴም ተናድጃለሁ። እንደ ሐኪም መለስኩለት።

«ሽታዎን ትለያለች፣ እንደማይጎዷትም ለምዳለች። ከዚያ በላይ የለም። ያን ቀን የነከሰችዎትም ተቆጥታ አይደለም። እንደነገሩኝ ለእንግዳ ፍየል አርደው እጅዎን ሳይታጠቡ ገብተዋል። ምግብ መስለዋት ነው።»

መዳፉን አነሳ። «ሃየ» አለ ብቻ፤ እሺ ማለቱ ነው።

አብዲ ገመዱን ራሱ ጎትቶ ሞክሮ፣ ሁለት ጊዜ አጥብቆ፣ ወደ መሪው ተመለሰ። ሁርሶን አልፈን ወደ ኤረር ቀጠልን።

ኤረር፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት

ኤረር ከደረቁ ሜዳ መሀል ድንገት አረንጓዴ ሆና ብቅ ትላለች፤ ብርቱካን፣ ፓፓያ፣ ማንጎ። አቶ ጌታሁን በገለባ ባርኔጣ በራቸው ላይ ይጠብቁን ነበር። ማቆያው ሁለት ሜትር ግንብና ከላዩ ሽቦ ያለው፣ ኩሬና የድንጋይ ክምር የተዘጋጀለት ቦታ ነው። አንድ ለአንድ ጠየቁኝ፤ መቼ በላች፣ ምን ያህል ትመዝናለች፣ ጥርሷ ፎጣ ላይ ስንት ቀረ። ሁሉንም ጻፉ።

ሳጥኑን አስገብተን ከረጢቱን መሬት ላይ አጋደምን። ቋጠሮውን ፈትቼ ወደ ኋላ ሸሸሁና የከረጢቱን ግርጌ በመንጠቆ ቀስ ብዬ አነሳሁ። ጭንቅላቷ ወጣ። ምላሷን እያወጣች አየሩን ቀመሰች። ሙሴ ከግንቡ ውጭ፣ በሽቦው በኩል ቆሟል። በሶማልኛ አንድ ነገር አላት። ቀስ ብላ በድንጋዮቹ መሀል ገባች፣ አራቱም ሜትር ተራ በተራ አለቀ፤ ወደ እሱ አልዞረችም።

«ምን አሏት?» ብዬ በኋላ ጠየቅሁት።

«አገርሽ ገባሽ አልኳት። እዚህ አይደል የተገኘችው።»

አቶ ጌታሁን ፓፓያ ቆርጠው አበሉን። ሙሴ በልቶ፣ አመስግኖ፣ ስለ ማቆያው ግንብ ውፍረት ጠየቀ። ከዚያ ወደ መኪናው ሄዶ ባዶውን ሳጥን ሲያስተካክል ቆየ። ምንም የሚስተካከል ነገር አልነበረውም።

መመለሻ

በማግስቱ ድሬዳዋ ላይ ተለያየን፤ እሱና አብዲ ወደ ጅግጅጋ፣ እኔ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ። ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ስፈታ የጉዞው ስህተቶች ተደርድረው መጡብኝ። የገመዱ ጉዳይ የእኔ ነው። የግልገሉም ቢሆን ግማሹ የእኔ ነው። በስልክ «አይመግቧት» ብዬ ዘጋሁ እንጂ ለምን እንደሆነ አልነገርኩትም። ትውከቷ እንደሚገድላት ቢያውቅ ኖሮ ጎረቤት የሚሰጣትን እንኳ ይከለክል ነበር። ደረቅ ትእዛዝ ሰምቶ በደግነቱ ሻረው።

የድሬዳዋው መልሴ ግን ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ዛሬም ቢጠይቀኝ አልቀይረውም። የምቀይረው ቦታውን ነው። ሰባት ዓመት ያሳደገውን እየሸኘ፣ በመንገድ ዳር፣ ቆሞ ላለ ሰው እንዲያ አይነገርም።

ከአንድ ወር በኋላ አቶ ጌታሁን መብላት መጀመሯን አሳወቁኝና ለሙሴ ደወልኩ። ከበስተኋላው ሕፃን ያለቅሳል፤ ልጁ ወንድ ወልዳለች። ስለ ጀቢሶ ነገርኩት። ከዚያ ስለ ድሬዳዋው ንግግሬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

«አባዮ፣ እሷ እንደማትወደኝ አውቅ ነበር» አለ። «ሰባት ዓመት እባብ ያሳደገ ሰው ይህን እንዴት ያጣዋል? ያን ቀን አንቺን የጠየቅሁሽ ሌላ ሰው ሲለው ልስማው ብዬ ነው።»

«ታዲያ ለምን ያዟት?»

«እኔ ስለወደድኳት ነዋ።»

ሕፃኑን ሊያባብል ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሰዎችም ደውለውልኛል፤ አንዱ ስለ እባብ፣ አንዱ ስለ አዞ። ድሮ መጀመሪያ የምጠይቀው ርዝመትና ክብደት ነበር። አሁን የመጀመሪያው ጥያቄዬ አብረው ስንት ዓመት እንደኖሩ ነው።